የጣና ዓሦችና ስም አውጪዎቻቸው

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባደረገው የረጅም ዘመን ትግል ካፈራቸው መሣሪያዎች አንዱ ስም ነው። አራሹ የእርሻ ዕቃውን ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል እያለ አንድ በአንድ ለይቶ ይጠራል፤ ከብት አርቢውም የላሙን ቀለምና የቀንዱን አቀማመጥ በየስሙ ያውቃል። አማርኛ ስለ ደጋው፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ፈረሱና ስለ በቅሎው ሲናገር የቃል እጥረት የለበትም። ወደ ውሃው ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል።

ዓሣ በአማርኛ የሚገለጸው በአብዛኛው ከየብስ በተዋሱ ቃላት ነው። የሚቀዝፍበት አካል እንደ ወፍ «ክንፍ» ይባላል፤ ገላውን የሸፈነው እንደ ዛፍ «ቅርፊት» ነው፤ በአፉ ዙሪያ የተንጠለጠለውም እንደ ሽማግሌ «ጢም» ተብሏል። «ስንጥብ»ን የመሰሉ፣ ለውሃ ፍጥረት የተለዩ ቃላት ጥቂቶች ናቸው። የታላቁ የባሕር ፍጥረት ስም ደግሞ ከግዕዝ የመጣ ነው። ግዕዙ «ዐንበሪ» ይለዋል፤ ባሕር ያላየው የደጋ ሰው ቃሉ እንግዳ ሲሆንበት ወደሚያውቀው ግሥ አስጠግቶ «ዓሣ ነባሪ» አለው፤ «ዓሣ አንበሪ» የሚሉም አሉ። ፍጥረቱ በዐይን ታይቶ ሳይሆን ከዮናስ ታሪክ ተሰምቶ ስም እንደወጣለት ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

ከዚህ ተነሥቶ አማርኛ ስለ ዓሣ የሚለው የለውም ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ሊቃውንት ዓሣ አስጋሪዎች አልነበሩም፤ ዓሣ አስጋሪውም መዝገበ ቃላት አልጻፈም። ቃሉ የኖረው በሐይቅ ዳር፣ በደንገል ታንኳ ላይ ነው። ይህንንም ለማየት ከጣና የተሻለ ስፍራ አይገኝም።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተኛ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ፏፏቴው ለዓሦቹ እንደ ቅጥር ነው። በታችኛው ዓባይ ያለ ዓሣ ይህን ሽቅብ ሊወጣው ስለማይችል በዚያ የታወቁ ብዙ ዓሦች በጣና አይገኙም። ሐይቁ በጥንት ዘመን ደርቆ ከ15,000 ዓመታት በፊት ገደማ እንደገና መሙላቱን ከወለሉ የተወሰደው ደለል ጥናት አሳይቷል። በቅጥሩ ውስጥ የቀሩት ዓሦች ከውጭ ተቀናቃኝ ሳይገባባቸው በገዛ ሐይቃቸው ተራቡ፤ ዛሬ ሊቃውንት ላቤዮባርበስ በሚሉት ወገን ብቻ 15 ያህል ዝርያዎች ተቆጥረዋል። ከእነዚህ መካከል ስምንቱ ዓሣ አዳኞች ናቸው። ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ወገኑ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። የሚያኝከው በጉሮሮው ነው። ጥርስ አልባው ወገን አዳኝ ሊሆን የቻለው ሌላ አዳኝ ስላልቀደመው ነው የሚለው አስተያየት አሳማኝ ይመስላል።

በሐይቁ ዳር ሦስት ስሞች ለሁሉም ሰው የታወቁ ናቸው። «አምባዛ» ቅርፊት የሌለው፣ ስምንት ጢም ያለው፣ ከውሃ ወጥቶ አየር እየሳበ ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት የሚቆይ ዓሣ ነው። «ቀረሶ» እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ የምታሳድግ፣ በሌሎች ሐይቆች ዳር «ቆሮሶ» የሚሏት ናት። «ነጭ ዓሣ» ደግሞ ከላይ የተባለው ባለብዙ ዝርያ ወገን የገበያ ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስሞች አንዳንድ ዓሣ ይጠራሉ፤ ሦስተኛው ግን አንድ ሙሉ ጉባኤ በአንድ ቃል ይጠራል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ጉባኤ ነው።

የጣናን ዓሦች በሳይንስ መጽሐፍ ያስመዘገበው የመጀመሪያው ሰው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤዱዋርድ ሩፔል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሩፔል በ1831 ምጽዋ ደርሶ በ1832 ጎንደር ገባ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ንጉሡ ስሙን ብቻ ይዞ በግንቡ የተቀመጠበት፣ ሥልጣኑ ግን በየጦር አለቃው እጅ የወደቀበት። እንግዳው በዚህ ሁከት መካከል አዕዋፍ፣ አራዊት፣ የብራና መጻሕፍትና ዓሦች ሰበሰበ። መጻሕፍቱ በፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት፣ ዓሦቹም በዚያው ከተማ በዜንከንበርግ ሙዚየም ተቀመጡ።

ሩፔል በ1835 ባወጣው ጽሑፍ ለጣና ዓሦች የሰጣቸው ስሞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ከጠረጴዛ የወጣ ነው። «ኢንተርሜዲየስ» አለ፤ መካከለኛ ማለት ነው። «አፊኒስ» አለ፤ ተዛማጅ ማለት ነው። «ኤሎንጋተስ» አለ፤ ረዘም ያለ ማለት ነው። እነዚህ አንዱን የደረቀ ዓሣ ከሌላው የደረቀ ዓሣ አጠገብ አስቀምጦ ከማነጻጸር የመጡ የላቲን ቃላት ናቸው። ሁለተኛው ወገን ግን ላቲን አይደለም። «ጎርጓሪ»፣ «ኔድጊያ»፣ «ሱርኪስ»፣ «ቤሶ» የሚሉት ስሞች የተወሰዱት ከአገሩ ሰው አፍ ነው።

የላቲን ፊደል «በ»ን ከ«ቤ»፣ «ጨ»ን ከ«ጀ» አጥርቶ መለየት አይችልም። ስለዚህ ቃላቱ ከሰሚው ጆሮና ከአታሚው ፊደል ሲያልፉ መልካቸው ተለውጧል። ይሁንና አማርኛ ተናጋሪ «ኔድጊያ» የሚለውን ሲያይ «ነጭ» የሚለውን ቃል ሳይጠረጥር አይቀርም። «ጎርጓሪ» ደግሞ ትርጓሜ የሚያስፈልገው አይመስልም። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት በሁሉም አፍ አለ። በተረቱ ጎርጓሪው ሰው ነው፤ በሩፔል መጽሐፍ ጎርጓሪው ራሱ ዓሣው ሆኖ ገብቷል።

ከእነዚህ ስሞች አንዱ ከሐይቁ እጅግ ርቆ ሄዷል። ሩፔል ወፍራም ከንፈር ያለውን ኔድጊያን መሠረት አድርጎ ላቤዮባርበስ የሚባለውን ወገን አቋቋመ፤ ባለ ከንፈሩ ባርበስ እንደማለት ነው። በሳይንስ ሕግ እያንዳንዱ ወገን አንድ የመለኪያ ዓሣ አለው፤ ሌላው ሁሉ የሚመዘነው በእርሱ ነው። ዛሬ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ባሉ ወንዞች በዚህ ወገን ስም የሚጠሩት እጅግ ብዙ ዓሦች ሁሉ መለኪያቸው የጣናው ኔድጊያ ነው።

ከሩፔል በኋላ የመጣው የስም ታሪክ በፍጥነት ሊነገር ይችላል። ኤድዋርድ ዴገን የተባለ ሰብሳቢ ከአገሪቱ የወሰዳቸውን ዓሦች ጆርጅ ቡላንዤ በ1902 በሎንዶን መርምሮ በርከት ያሉ ስሞች አወጣ፤ አንዱንም ለሰብሳቢው መታሰቢያ አደረገው። ዓሣው ከሐይቁ፣ ስሙ ከሙዚየሙ መምጣቱ የዘመኑ ልማድ ነበር።

የ1937ቱ ግን ቆም ብሎ መመልከትን የሚጠይቅ ነው። አዲስ አበባ በየካቲት 12 ጭፍጨፋ በደም በታጠበችበት በዚያው ዓመት፣ የኢጣሊያ ንጉሣዊ አካዳሚ የጂኦግራፊ ሊቁን ጆቶ ዳይኔሊን መሪ አድርጎ አንድ የጥናት ቡድን ወደ ጣና ላከ። የቡድኑን የዓሣ ሥራ ያጠናቀቀው ጆርጆ ቢኒ በ1940 ስለ ጣና ዓሦች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በሥራነቱ የሚናቅ አይደለም። ቢኒ የዐይን ትልቀትንና የአፍንጫ ሹልነትን አስተውሎ የለያቸው ዓሦች በኋላ በተደረገው ምርመራ በእርግጥም የተለያዩ ሆነው ተገኝተዋል። አንዱን ዓሣ ከሐይቁ ሰሜናዊ ዳር ካለችው ከጎርጎራ ስም «ጎርጎሬንሲስ» ብሎ ጠራው። ሌላውን፣ ከስምንቱ ዓሣ አዳኞች አንዱን፣ ለቡድኑ መሪ ክብር «ዳይኔሊ» አለው።

ወረራው በ1941 ተባረረ። የዓሣው ስም ግን ሊነሣ አልቻለም። የእንስሳት ስም አወጣጥ ሕግ ቀድሞ በሥርዓት የታተመውን ስም ያጸናል እንጂ ስም አውጪው በምን መንገድ ወደ አገሩ እንደገባ አይጠይቅም። በመሆኑም በጣና ውሃ የተወለደ፣ ከጣና በቀር በዓለም የትም የማይገኝ ዓሣ የወራሪው ቡድን መሪ የነበረውን ሰው ስም እስከ ዛሬ ተሸክሞ ይዋኛል። ታንኳ ቀዛፊው ይህን ስም አያውቀውም፤ ቢያውቀውም የሚጠራበት ምክንያት የለውም።

በ1973 የብሪታንያው ተመራማሪ ኪዝ ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች እንደገና መረመረ። የእርሱ ፍርድ አጭር ነበር፤ የሩፔልም፣ የቡላንዤም፣ የቢኒም የጣና ስሞች ሁሉ የአንድ ዓሣ ልዩ ልዩ መልክ ናቸው አለ። ዓሣው እጅግ ተለዋዋጭ ነውና ጎርጓሪውም ኔድጊያውም ኢንተርሜዲየስ ይባሉ ተባለ። በሙዚየም ጠርሙስ ውስጥ ከተቀመጡ ጥቂት ናሙናዎች አንጻር ፍርዱ ያለ ምክንያት የተሰጠ አልነበረም፤ በአንደኛውና በሌላኛው መካከል የሚቆሙ መልኮች ነበሩና። ነገር ግን ጠርሙስ ውስጥ ያለ ዓሣ የት እንደኖረ፣ ምን እንደበላ፣ በየትኛው ወር ወደየትኛው ወንዝ እንደወጣ አይናገርም። ይህን የሚያውቅ ሰው በሐይቁ ላይ ነበረ፤ አልተጠየቀም።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኔዘርላንድ የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊዮ ናኽልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ በሐይቁ ላይ ረጅም ጥናት አካሄዱ። በሺህ የሚቆጠር ትኩስ ዓሣ ከመረብ አውጥተው ለኩ። የላቲኑን ስም ለጊዜው ትተው ዓሣውን በዐይን በሚታየው ምልክቱ ይጠሩት ጀመር፤ ባለ ከንፈሩ፣ ባለ ጢሙ፣ አጭር ራሱ፣ ካርፕ መሳዩ። አንዱን ዓሣ ግን «ዙርኪ» አሉት። ይህ ቃል የሩፔል «ሱርኪስ» መሆኑን ለማየት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። 160 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ስሙ እንደገና በተመራማሪዎች የሥራ መዝገብ ላይ ተገኘ።

የምርመራው ውጤት በ1997 ሲታተም ባኒስተር አንድ ያደረጋቸው እንደገና ተለያዩ። ሰባት አዳዲስ የላቲን ስሞችም ተጨመሩ፤ ከእነዚህ አንዱ የሐይቁን የቀድሞ አጠራር ይዞ «ጻኔንሲስ» ተባለ። በ2000 ደግሞ በጥልቁ ውሃ መካከል የሚኖረው ትንሹ ዓሣ «ታናፔላጊየስ» ተብሎ ሲሰየም ከስም አውጪዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ እሸቴ ደጀን ነበሩ። የጣናን ዓሣ ስም ያወጡት እስከዚያ ድረስ በአመዛኙ የባዕድ ሊቃውንት እንደነበሩ ሲታሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሩፔል ሁለት ወገን ስሞች ተመልሶ ሒሳቡን መተሳሰብ ይቻላል። ከጠረጴዛ ከወጡት መካከል «አፊኒስ» እና «ኤሎንጋተስ» ወድቀዋል፤ ዓሦቹ የኢንተርሜዲየስ መልኮች ናቸው ተብሏል። «ኢንተርሜዲየስ» ቆሟል፤ ነገር ግን የቆመው ልዩ መልክ የሌለው ሁሉ የሚገባበት ሰፊ ከረጢት ሆኖ ነው። ከአገሩ ሰው አፍ የተወሰዱት ግን፣ ጎርጓሪውም፣ ኔድጊያውም፣ ሱርኪሱም፣ ቤሶውም፣ አራቱም በምርመራው ጸንተዋል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ሦስቱ የነጭ ዓሣ ጉባኤ አባላት በኑሯቸው የማይገናኙ መሆናቸው ነው። ጎርጓሪ ከራሱ ኋላ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሌሎች ዓሦችን እያደነ የሚበላ ነው። ኔድጊያ በወፍራም ከንፈሩ ከድንጋይ መካከል ትልና የነፍሳት እጭ የሚለቅም ነው። ዙርኪ ዕፅ በሊታ ነው። አንዱ አዳኝ፣ አንዱ ለቃሚ፣ አንዱ ግጦሽ ፈላጊ። በሐይቁ ላይ የሚውል ሰው ሦስት ዓይነት ኑሮ አየና ሦስት ስም አወጣ። መረቡን የት እንደሚዘረጋ፣ መንጠቆው ላይ ምን እንደሚያኖር ማወቅ ነበረበትና ልዩነቱን ሊስተው አይችልም ነበር። ስሙ የእንጀራው ክፍል ነበር።

ይህ ሰው ማን ነበር? በጣና ዳር ከጥንት ጀምሮ ከሐይቁ ጋር የተቆራኙት የወይጦ ብሔረሰብ ሰዎች ናቸው። ታንኳ ከደንገል ያስሩ፣ ዓሣ ያሰግሩ፣ ጉማሬ ያድኑ፣ የወፍጮ ድንጋይ ያበጁ ነበር። ጉማሬ በመብላታቸው ክርስቲያኑ ተጸየፋቸው፤ እስልምናን ቢቀበሉም እስላሙ ከእነርሱ አልተጋባም። መኳንንቱ በታንኳቸው ተሻገረ፤ በወፍጮአቸው የተፈጨውን በላ፤ ከእነርሱ ጋር ግን በአንድ ገበታ አልተቀመጠም።

ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ጄምስ ብሩስ በ1770 ገደማ ጎንደር ሳለ ይህ ቋንቋ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ የተለየ መሆኑን ሰምቶ ሊያውቀው ፈለገ። ንጉሡን ለምኖ ሁለት የወይጦ ሰዎች አስመጣ። ሰዎቹ ጥያቄውን አልመለሱም፤ እንሰቅላችኋለን ተብለው ቢዛትባቸውም ምንም አላሉም። ያ መጽሐፈ ጉዞ ይህን እንደ ግትርነት ቆጥሮት ይሆናል። ከቤተ መንግሥት ተጠርቶ መሄድ ለወይጦ ሰው ምን ማለት እንደነበረ የሚያስብ ግን ዝምታቸውን በሌላ መንገድ ያነበዋል። ቋንቋው በጽሑፍ ሊያዝ የሚችልበት ጊዜ በዚያ አዳራሽ አለፈ።

ኦይገን ሚትቮኽ በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ የሚናገሩት አማርኛ ብቻ ሆኖ ነበር። ማርሴል ግሪዮል በ1928 በአካባቢው ሲያልፍ አንድ የወይጦ ሰው በሞተው ቋንቋ ዘፈነ፤ ዘፋኙ ራሱ ግን ከጥቂት ቃላት በቀር ትርጉሙን አያውቅም ነበር። ግሪዮል ሰፊ የቃላት መዝገብ ሰበሰበ። የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ማርሴል ኮኸን በ1939 መዝገቡን ሲመረምር አብዛኞቹ ቃላት አማርኛ፣ ዓረብኛ ወይም ሌላ የታወቀ ምንጭ ያላቸው ሆነው አገኛቸው። ብዙዎቹም እንግዳ እንዳይሰማቸው ሆን ተብለው የተጣመሙ የአማርኛ ቃላት ነበሩ። ሥራቸው ያልታወቀው ስድስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ የጉማሬ አካላት ስሞች ናቸው፤ ታፋውና አከርካሪው። አንዱ የትንኝ፣ አንዱ የትከሻ ስም ነው። የቀሩት ሁለቱ «ቅንታት» እና «ሽልክሪት» ናቸው። «ቅንታት» ክንፍ ነው። «ሽልክሪት» የዓሣ ቅርፊት ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን የሚበላውን የውሃ ፍጥረት ከማይበላው የሚለየው በሁለት ምልክት ነው፤ በክንፍና በቅርፊት። በጣና ዳር ብዙ ክርስቲያኖች አምባዛን የማይበሉት በዚህ ነው። ወይጦንም ከገበታው ያራቀው ከዚሁ ምዕራፍ የሚነሣ የመብልና የርኩሰት ሥርዓት ነው። አንድ ሕዝብ ቋንቋውን ሁሉ አጥቶ ከቀሩት ስድስት ቃላት አንዱ የዓሣ ቅርፊት፣ አንዱ ክንፍ መሆኑ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። የኮኸንን ዝርዝር ያነበበ ግን በቀላሉ አይረሳውም። አማርኛ ከዛፍ በተዋሰው ቃል የሚጠራውን ነገር ወይጦዎች በስሙ ይጠሩት ነበር።

በሐይቁ ላይ ያለው ሥራ በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተለወጠ። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ዓሣ የሚሰገረው በደንገል ታንኳ፣ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቁ ነበር። በ1986 ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። መረቡ ጠንካራ፣ ጀልባው ፈጣን ሆነ፤ የባሕር ዳር ዓሣ አዲስ አበባ መድረስ ቻለ፤ በጾም ወራት ፍላጎቱ ናረ። ለዓሣ አስጋሪው ገቢ ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን የነጭ ዓሣ ጉባኤ ብዙ አባላት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት እንቁላላቸውን ለመጣል በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይና በመሰሎቻቸው ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያ ጊዜ በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ የዘንድሮውንም የከርሞውንም ዓሣ አብሮ ያወጣል። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በወንዝ በመበተን ዓሣን የማደንዘዝ አሮጌ ልማድም አለ፤ ይህ ትንሽ ትልቅ አይለይም። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 ገደማ የተደረጉት የመረብ ናሙናዎች ሲነጻጸሩ የነዚህ ዓሦች ክብደት በአሥር ዓመት ያልሞላ ጊዜ ውስጥ በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኘ።

በዚህ ሁሉ ገበያው የሚያውቀው አንድ ቃል ነው፤ «ነጭ ዓሣ»። ቃሉ ከሐይቅ ሐይቅ እንኳ አይጸናም። በአርባ ምንጭ ገበያ «ነጭ ዓሣ» ያለ ገዢ የሚሰጠው በጣና ፈጽሞ የሌለው፣ በጫሞና በአባያ የሚያድገው ታላቁ የናይል ዓሣ ነው። ምግብ ቤቱ ግድ የለውም፤ ሁለቱም ሲጠበሱ ሥጋቸው ነጭ ነው።

የዓሣ ምርት መዝገብም ከገበያው የተለየ አይደለም። ቀረሶ በአንድ ዐምድ፣ አምባዛ በሌላ ዐምድ ይገባል፤ ላቤዮባርበስ ግን ዝርያው ሳይለይ በአንድ ዐምድ ይጠቃለላል። ዐምዱ ሲቀንስ የትኛው ዓሣ እንደቀነሰ ከመዝገቡ አይታወቅም። አዳኙ ጎርጓሪ፣ ትል ለቃሚው ኔድጊያ፣ ዕፅ በሊታው ዙርኪና ባለ ባዕድ ስሙ ዳይኔሊ በባሕር ዳር የዓሣ ማራገፊያ በአንድ ሚዛን ላይ ተደርበው ይመዘናሉ፤ ኪሎው ይጻፋል።